ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ያልገባች መስመር

ጡቴ ላይ ያለችውን ነገር ያገኘኋት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገላዬን ስታጠብ ነው። ከግራ ጡቴ በላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብላ፣ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ናት። በሳሙና የራሰ ጣቴ አልፏት ሄደና ተመለሰ። ተጫንኳት፤ አላመመችኝም። ወዲያ ወዲህ ልገፋት ሞከርኩ፤ አልንቀሳቀስም አለች፤ አሁንም አላመመችኝም። ተመስገን አልኩና ሳሙናዬን አለቅልቄ ወጣሁ።

እዚህ ላይ የሚያነበኝ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በዚያ ሰሞን በኤፍ ኤም ራዲዮ «እህቴ ሆይ፣ ጡትዎን በየወሩ ይፈትሹ» እያለች በታክሲው፣ በሱቁ፣ በፀጉር ቤቱ ስትመክር የምትውለው ሴትዮ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበሩት ዓመታት ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ቢሮው ጣሊያኖች ከሠሯቸው አሮጌ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው። ከጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ግድግዳዋ ሁሉ ስፖንጅ ተለጥፎበት ስቱዲዮ ሆናለች፤ የሳሙናም፣ የማካሮኒም፣ የቀለምም ማስታወቂያ የሚቀረጸው እዚያ ነው። አንድ ቀን ስለ ጡት ካንሰር ግንዛቤ የሚሰጥ መልእክት እንድንቀርጽ ሥራ መጣ። ጽሑፉን ያዘጋጁት ሐኪሞች ናቸው፤ በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልታነበው የተቀጠረችው ተዋናይት ግን ቀረች። አለቃዬ አቶ ታምራት ሰዓቱን አየና፣ «አስቴር፣ እስቲ ነይ፤ ያንቺ ድምፅ ምን ጎደለው? የእናት ድምፅ ነው» አለኝ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ ስድስት ሰከንድ ወሰደ። የተገዛው የአየር ሰዓት ደግሞ ሠላሳ ሰከንድ ነው። አቶ ታምራት ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ፣ «አንድ መስመር ይውጣ» አለ።

«የትኛው?»

«እሱን አንቺው ምረጪ። አፍሽን የሚያስቸግርሽን አውጪው በቃ።»

አፌን የሚያስቸግረኝ አንድ መስመር ነበር። «እብጠቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም የማይሰማው በመሆኑ፣ አያመኝም በሚል ምክንያት ከመመርመር እንዳይዘናጉ» ይላል። ግማሹ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቃል፤ «እንዳይዘናጉ» ላይ ምላሴ ይተሳሰራል። እስክሪብቶ አንስቼ ሰረዝኩት። አራተኛው ንባብ ልክ ሠላሳ ሰከንድ ሆነና ሁላችንም ተደሰትን። ሥራውን ያዘዙት ሰዎችም ቅጂውን ሰምተው ድምፄን አመሰገኑ፤ የወጣው መስመር የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በአየር ላይ የዋለው፣ «እብጠት፣ ሕመም ወይም የቆዳ ለውጥ ካዩ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» የሚለው ነው።

በሰፈሬ በቂርቆስ የወሬ ማሟሻ ሆንኩ። ከሁሉ የባሰችው ትርሐስ ናት። ትርሐስ ከግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ በልጅነቷ ከትግራይ መጥታ እዚሁ የኖረች፣ ባሏ ሞቶባት አንድ ሴት ልጇን ሰላምን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ራዲዮዋን ከክብሪቱና ከሻማው መሀል አስቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ ትከፍተዋለች። ሱቋን ዘግታ የትም አትሄድም፤ ቅዳሴ እንኳ የምታስቀድሰው ሰላም ስትተካት ነው። እኔ ሳልፍ ድምፄን አስመስላ፣ «እህቴ ሆይ፣ ስኳር ልመዝንልዎ?» ትለኛለች። ሰልፍ የያዘው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።

ያቺን ሽምብራ ካገኘሁ በኋላ ሁለት ወር ያህል ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ደጋግሜ እነካታለሁ፤ አታምም። በመጨረሻ ቡልጋሪያ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ከልብሴ በላይ ነካ አደረገኝና፣ «ያምሻል?» አለኝ።

«አያመኝም።»

«እንግዲያው አትጨነቂ። የወተት እጢ ነው፤ ትንሽ ኢንፌክሽንም ሊኖረው ይችላል» ብሎ እንክብል አዘዘልኝ።

እንክብሉን ጨርሼ ስመለስ፣ ከወር አበባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው አለኝ። እናቴ ደግሞ ሰው እንዳይሰማ ብላ በማለዳ ቂርቆስ ወስዳ ጸበል አስጠመቀችኝ። በጸበሉ አላማርርም፤ ልቤን አሳርፎልኛል። በራሴ ግን እስከ ዛሬ አማርራለሁ። ያ ወጣት «ያምሻል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ በገዛ እጄ ጽፌ በገዛ እጄ የሰረዝኳት መስመር የት ነበረች? አልረሳኋትም። እንዳላስታውሳት ስለፈለግሁ ነው ያላስታወስኳት። ሰው ሲፈራ እንዲህ ያለ ሞኝ ይሆናል።

ያዳነኝ ባለቤቴ ደረጀ ነው። አንድ እሑድ በረንዳችን ላይ ልብስ ሳሰጣ ክንዴን ወደ ገመዱ እንዳነሳሁ፣ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ሲያየኝ ደረስኩበት።

«ምን ታያለህ?»

«ብብትሽ ሥር ቆዳሽ ወደ ውስጥ ገብቷል እኮ።»

«ጡት መያዣዬ ጠብቆኝ ነው።»

«አይደለም። ራዲዮ ላይ የቆዳ ለውጥ የምትዪው ይሄን አይደለም እንዴ?» አለኝ። ጋዜጣውን አጥፎ ተነሣ። «ነገ ቢሮ አልሄድም። አንቺም አትሄጂም።»

ስለዚህ ያ ማስታወቂያ ከንቱ ነበር የሚል ካለ አልስማማም። ሠላሳ ሰከንዱ ባይኖር ባሌ የሴት ቆዳ ሲገባ አይቶ የሚነሣ ሰው አልነበረም። እኔን የራሴው ድምፅ በእሱ በኩል ዞሮ ደረሰልኝ። ይህን የማነሣው ለመጽናናት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ትልቁ ሆስፒታል ገና ጎህ ሳይቀድ ደርሰን ተሰለፍን። የመረመረችኝ ዶክተር አጠር ያለች፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። ሳትነካኝ በፊት እጆቿን አፋትጋ አሞቀቻቸው። ያቺን ያህል ደግነት ረስቼው አላውቅም። እሷም፣ «ያምሻል?» አለችኝ።

«አያመኝም» አልኳት፤ እንደ ጥሩ ዜና ነው የነገርኳት።

«አለማመሙን ነው ያልወደድኩት» አለችኝ።

ባዮፕሲ አዘዘች። ባዮፕሲ ማለት ከእብጠቱ ላይ በመርፌ ቆንጥሮ ወስዶ መመርመር ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። የእንቅልፉን ነገር የደረሰበት ያውቀዋል፤ አላወራውም።

ውጤቱን ልቀበል የሄድኩ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከሰላሌ የመጣች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ ከነጠላው ሥር የሚመጣውን ሽታ ሽቶ ተቀብታ ልትሸፍነው ሞክራለች። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጥበቃ ትንሽ ራዲዮ ከፍቶ ነበር። ከዘፈኑ ቀጥሎ እኔ መጣሁ። «እህቴ ሆይ...»

ሴትዮዋ አንገቷን ቀና አደረገች። «ይቺ ሴትዮ» አለች፣ ለእኔም ለራሷም በማይመስል አነጋገር፣ «ይቺ ሴትዮ ናት ያዘናጋችኝ።»

ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁ።

«እህቴ ጋ ስመጣ ሁሌ እሰማታለሁ። እብጠት፣ ሕመም ትላለች። እብጠቱ አለ፤ ሕመሙ የለም። እስቲ ሕመሙም ይምጣና አንድ ላይ አሳያለሁ ብዬ ቆየሁ። ሕመሙ ሲመጣ ይኸው መጣሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ያምሽ ነበር?»

አላመመኝም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። አፌን ብከፍት ድምፄን ታውቀዋለች ብዬ ፈራሁ። ነርሷ ወጥታ ስሜን ስትጠራ አቤት አላልኩም፤ እንደ ተማሪ እጄን አነሣሁና ገባሁ። ዶክተሯ ካንሰር መሆኑን ነገረችኝ። ገና በጊዜ ነው፣ ተስፋ አለሽ አለችኝ። እኔ ግን ጆሮዬ ኮሪደሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ስወጣ ሴትዮዋ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ስሟን አልጠየቅኋትም።

ጡቴ ተቆረጠ። ከዚያ ኬሞ ጀመርኩ፤ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ነው፤ መጥፎውን ሲገድል ደኅናውንም ያጎሳቁላል። ፀጉሬ ረገፈ፤ ጥፍሬ ጠቆረ፤ ውኃ እንኳ ብረት ብረት አለኝ። ደረጀ ከዕቁቡም ከወንድሞቹም ሰብስቦ፣ ያለውንም ሸጦ አሳከመኝ። ተጣላንም። አንድ ቀን የቆሰለ ደረቴን ላለማየት ፊቱን ሲያዞር አየሁት፤ ሳምንት አኮረፍኩት። እሱ ግን በዚያው ሳምንት ለካ ካዛንቺስ ቢሮዬ ድረስ ሄዶ ከስቱዲዮው ግድግዳ ተርፎ የተቀመጠ ስፖንጅ ለምኖ አምጥቷል። ምላጭና መርፌ ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠና፣ ቀኙን እያየ ግራውን ቀርጾ፣ ጡት መያዣዬ ውስጥ ሰፋልኝ። «ልክ ነው? ትንሽ ልቀንስለት?» አለኝ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ልብስ ሰፊ። ከታመምኩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ስፖንጁን ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ያቺን መስመር ስሰርዝ አጠገቤ የነበረ ስፖንጅ ደረቴ ላይ መሆኑን ግን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ ትርሐስ ልትጠይቀኝ መጣች። ሕምባሻና ብርቱካን ይዛ ነው የመጣችው፤ ሱቁን ሰላም ይዛላት ነበር። ደረጀ ወጣ እስኪል ድረስ ስለ ጤፍና ስለ መብራት መጥፋት ስታወራ ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አልጋዬ ሳበች።

«አስቱ፣ እኔም አለችኝ እኮ።»

«ምን?»

«ያቺ ያንቺዋ። ዓመት ልትደፍን ነው። የኔዋ ግን እንዳንቺዋ ክፉ አይደለችም፤ ጭራሽ አታምም።»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። «ትርሐስ፣ የኔም አታምም ነበር።»

ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ።  ያንን ማስታወቂያ ከራዲዮዋ ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማችው አሰብኩ።

«ታዲያ» አለችኝ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ታዲያ ራዲዮ ላይ ለምን አልነገርሽንም?»

ነገርኳት። ሠላሳ ሰከንዱን፣ እስክሪብቶውን፣ አፌን ማስቸገሩን አንድ ሳልደብቅ ነገርኳት። እየተናገርኩ እንኳ ምን ያህል ትንሽ ምክንያት እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ትርሐስ የብርቱካኑን ልጣጭ ሰብስባ በመዳፏ ያዘችና፣ «በቃ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለች። ይቅር ማለቷ ነበር። እኔ ግን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«ነገማ ዕቃ የሚያወርድልኝ ሰው ይመጣል።»

«ከነገ ወዲያ።»

«ሱቁን ለማን ትቼ፣ አስቱ? ሰላምን የምትሠራበት ሆቴል ከነገ ጀምሮ የቀን ፈረቃ አስገብቷታል። ፋሲካ ይለፍ፤ ከፋሲካ በኋላ እኔው ራሴ መጥቼ ውሰጂኝ እልሻለሁ።»

በየቀኑ ጨቀጨቅኋት። ኬሞው ጉልበቴን ሲለቅልኝ ግድግዳ ይዤ እየሄድኩ ሱቁ መስኮት ላይ እቆማለሁ። «መጣሁ፣ መጣሁ» ትለኛለች፤ ደንበኛ ይመጣል፤ ስኳር ትመዝናለች። ለሰላም ልንገራት ስላት በልጇ አስማለችኝ፤ ሥራዋን ትተዋለች ብላ ነው። ማልኩ፤ መሐላዬንም ጠበቅሁ። ያ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ከፋሲካ በኋላ ስንሄድ ያቺው ዶክተር እጆቿን አሙቃ መረመረቻትና ወደ እኔ ሳታይ ብዙ ጻፈች። ወደ ጉበቷ አልፎ ነበር።

ትርሐስ በክረምቱ መውጫ ሞተች። ያ ሱቅ፣ ሰፈሩ ከሚያስታውሰው ጊዜ ጀምሮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተዘግቶ የዋለው ያኔ ብቻ ነው። ሰው ለቅሶ ቤቱ ውስጥ «ምን ሆና ነው?» እያለ ይጠያየቃል፤ «ውስጥ ደዌ» ይባላል፤ ስሙን የሚጠራው የለም። እኔም ሻሽ አስሬ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ስሙን አልጠራሁም።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ራዲዮው «እህቴ ሆይ» አለ። ከጎኔ ያለች ልጅ በቃሏ እንደያዘችው ዘፈን ከእኔው ድምፅ ጋር እኩል ታነበንበው ጀመር። ሰፈሬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። በማግስቱ አቶ ታምራት ጋ ገብቼ እንደገና እንቅረጸው፣ በነፃ አነባለሁ አልኩት። አዘነልኝ፤ ከልቡ ነው ያዘነው። የዘመቻው የአየር ሰዓት ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል፣ ቅጂውን መለወጥ የእኛ ሥልጣን አይደለም አለኝ። «ለመሆኑ የቱ መስመር ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ረስቶታል።

የቀረልኝ የሴቶች እድራችን ነበር። በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን፤ ስም ይጠራል፣ ያልመጣ ይቀጣል። ሊቀመንበሯን ግማሽ ደቂቃ ስጡኝ አልኳቸው። መስመሯን በወረቀት ይዤ ተነሣሁ። «እብጠቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም የማይሰማው በመሆኑ...» ብዬ ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ትንፋሼ አለቀ። «እንዳይዘናጉ» ላይ እንደ ድሮው ምላሴ ተሳሰረ። ሴቶቹ በሐዘኔታ ያዩኛል። ከኋላ በእናቷ ቦታ የተቀመጠችውን ሰላምን አየኋት፤ ሥራዋን ትታ ሱቁን ይዛለች። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አያመኝም አትበሉ» አልኩ። «የኔም አላመመኝም። የትርሐስም አላመማትም። ካንሰር ነበር። አያመኝም አትበሉ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ነው የገባኝ። አያመኝም አትበሉ፤ ሁለት ቃል ናት። ያኔ ለአንድ ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ ሠላሳው ሰከንድ ውስጥ ትገባ ነበር፤ ቦታም ይተርፈን ነበር። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አሁንም አላወራውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ክትትሌ ወደ ስድስት ወር፣ ከዚያ ወደ ዓመት ተራዘመ፤ እስከ ዛሬ ደኅና ነሽ ተብዬ እመለሳለሁ። በእድሩ በየወሩ ስም ከመጠራቱ በፊት ተነሥቼ ሁለቱን ቃል እናገራለሁ፤ ሴቶቹ ለምደውኝ ከእኔ ጋር ይሉታል። የሰላሌዋ ሴትዮ ግን ትመጣብኛለች። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ስናገር ከኋላ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ የቆመች ይመስለኛል፤ ድምፄን አውቃው ትሆን ወይ እላለሁ።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ኋላ በሰላም ጡት ላይ የተገኘው እብጠት መጥፎ አልነበረም፤ በመርፌ ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ተረጋግጧል። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ እንዳትጨነቁ ነው፤ መናገር የምፈልገው ስለ ውጤቱ ሳይሆን ነገሩን ስለሰማሁበት ሰኞ ጠዋት ነውና።

ጊዜው ሱቅ የሚደራበት ሰዓት ነው፤ ልጆች ለትምህርት ቤት ደብተር፣ እናቶች ዳቦ የሚገዙበት። በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሰላም ናት፤ የክት ልብሷን ለብሳለች።

«እትዬ አስቱ» አለችኝ፣ «ትናንት ማታ አንድ ነገር አገኘሁ።»

የበሩን መቃን ያዝኩ። «ያምሻል?» አልኩ። ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው ያፈርኩት።

«አያምም» አለችኝ። «ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ከትከሻዋ በላይ ወደ ግቢው በር አየሁ። «ሱቁስ? ማን አለ?»

ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ መዳፏን ዘረጋችልኝ። የሱቁ ቁልፍ ነበር።